ኮምፖስቱ ውስጥ ሃይላንድ የምትቀብረው ማናት?

«አሁንስ በዛ! ደግሞ ሃይላንድ?!»

መሲ ከኮምፖስቱ ጉድጓድ ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙሱን መዘዘችው...

ውሃ ተሞልቶ ክዳኑ ጥርቅም ተደርጓል። አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

ምን ጉድ ነው?

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ አንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ።

መሲና ጓደኞቿ የበጎ ፈቃድ ክበብ መሥርተው ከሴቶቹ ዶርም ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረዋል። የካፌ ትራፊ፣ የድንች ልጣጭ፣ የበግ ፍግ እዚያ ይገባል። ፕላስቲክ ግን ለብቻው ይሰበሰባል።

ዶርም ለዶርም እየዞሩ «እባካችሁ ለዩ!» ሲሉ ጉሮሯቸው ደርቋል...

የሚያሾፍባቸው ብዙ ነው። ከሁሉም የባሰችው ግን አመተሥላሴ ናት። የቄስ ልጅ... ምላሷ እሳት!

«ብስባሾቹ መጡ! አፍንጫችሁን ያዙ!» ትላለች ባየቻቸው ቁጥር።

ታዲያ የተማሪዎች ዲኑ አቶ ዳኜ ጠርሙሱን አይተው ተቆጡ።

«ሰውን ለዩ እያላችሁ የራሳችሁ ጉድጓድ ፕላስቲክ? እስከ ዓርብ ጣይዋን አምጡ፤ አለዚያ አስደፍነዋለሁ!»

መሲ አመድ መሰለች። ስንት የለፋችበት ነው እኮ!

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው አመተሥላሴ ላይ ነበር... ግን ማን አየ?

በማግስቱ ጠዋት መሲ ኮሪደሩ ላይ ናኢማን አገኘቻት። ናኢማ ከሞቃቱ ሸዋ ሮቢት የመጣች የነጋዴ ልጅ ናት፤ የመንዝ ብርድ ያንገላታት፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የምትደርብ ዝምተኛ።

እጇ ላይ... ሌላ ባለ ቀይ ክር ሃይላንድ!

«ናኢማ! አንቺ ነሽ?!»

ናኢማ ፈገግ አለች።

«እኔማ እንዴት ብዬ ላመስግናችሁ እያልኩ ነበር... እናንተ በጎ ፈቃደኞቹ አይደላችሁ እንዴ ደጃፌ ላይ የምታስቀምጡልኝ?»

«ምኑን?»

«የሞቀውን ውሃ ነዋ! ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት የምታጠብበትን። የቧንቧው እኮ ጣት ይቆርጣል! በሰገድኩ ቁጥር ለክበባችሁ ዱዓ አደርጋለሁ...»

መሲ ጠርሙሱን ነካ አደረገችው... ትኩስ ነው!

ኮምፖስት ሲበሰብስ ውስጡ እንደሚግል ታውቃለች። ሌላውንም የምታስተምረው እሷ ናት! ውሃ ይሞቅበታል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

እና ማን ነው የሚያሞቀው?

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ጋቢ ተከናንባ ጉድጓዱ አጠገብ ጥግ ይዛ ቆመች።

ነጠላ ያጣፋች ልጅ መጣች... እጇን ፍጉ ውስጥ ሰደደች... ጠርሙሱን በቀይ ክሩ ስባ አውጥታ ጥርት አድርጋ ጠረገችው...

አመተሥላሴ!

ጉድ በል መንዝ!

«አንቺ?! ስታሾፊብን የከረምሽው?»

«ዝም በይ በማርያም! ናኢማ ትሰማለች!»

«ለምን አትነግሪያትም?»

«ቤተ ክርስቲያን ለኪዳን ስወጣ በዚያ ውርጭ እግሯን ስትታጠብ አየኋት... ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። አንጀቴ አልቻለም። ብነግራት ይሉኝታ ይይዛትና ‹ተይው› ትለኛለች። በማርያም፣ እንዳትነግሪያት!»

ዓርብ ደረሰ። አቶ ዳኜ ተማሪዎቹን ሰብስበው «ፕላስቲክ ጣይዋስ?» አሉ።

መሲ አንገቷን ደፋች። «ስም አልናገርም ጋሼ... ከፈለጉ ይድፈኑት።»

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«የምጥለው እኔ ነኝ።»

አመተሥላሴ ናት። ለምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላለችም... ናኢማ እዚያው ቆማለች።

«እንግዲያው ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ኮምፖስቱን የምታገላብጪው አንቺ ነሽ!» ብለው ፈረዱባት። ጉድጓዱ ተረፈ።

ናኢማ ግን ንዴቷን አልቻለችም።

«የነዚህን ደጎች ልፋት ልታበላሺ? አላህ ይይልሽ!» አለቻት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አመተሥላሴ መልስ አልሰጠችም... ያቺ ምላሷ እሳት የሆነችው ልጅ!

በማግስቱ ንጋት ላይ ናኢማ በሯን ስትከፍት... የሞቀው ውሃ እንደ ወትሮው ተቀምጧል።

ወዳጆቼ... «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የሚባለው ለዚህ ነው። ምላሷ የሚናደፍ ሁሉ ልቧ ክፉ አይደለም። እየተመሰገኑማ ደግ መሆን ማንን ያቅተዋል? ስድብ እየጠጡ ደግ መሆን ነው ከባዱ!

እናንተ በመሲ ቦታ ብትሆኑ ለናኢማ እውነቱን ትነግሯት ነበር... ወይስ በማርያም ተብላችኋልና ዝም ትሉ ነበር?

እስቲ ኮሜንት ላይ እንከራከር... አንብባችሁ ሹልክ እንዳትሉ!