የሦስተኛው አልበም ድራም

«ቁም፣ ቁም፣ ቁም!» ይላል ጉሮሮ የምንለው ዘፋኛችን በማይኩ። እኔ ድራሙን ሁለት ምት ጨምሬ ነው የማቆመው። ሰው ስላዘዘኝ ወዲያው መታዘዝ አልወድም።

«ምነው ባክህ፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ልትደርስልን ነው እንዴ?» ይለኛል።

ታናሽ ወንድሜ ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ይስቃል። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን እንጋጠማለን፤ ሳቁን ይውጣል።

የመጨረሻው ልምምድ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ባንዱ የስንብት ኮንሰርቱን ያቀርባል፤ ሦስተኛውን አልበም ከዳር እስከ ዳር። ድራሙን ወይ እኔ እመታለሁ ወይ ማሽኑ። ጉሮሮ ሲጠራኝ «ከቻልክ ወንበሩ ያንተ ነው፤ ካልቻልክ አንቀየምህም» አለኝ። አንቀየምህም! እሱን ብሎ ተቀያሚ።

እኔ ደግሞ ጎማ የምጠግንበትን ቤት ትናንት ጥዬ ወጥቻለሁ። ለባለቤቱ ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ሁሉ ዘርግፌለታለሁ፤ ከእንግዲህ በዚያ በር አልገባም። ልጄም ለክፍሏ ልጆች በሙሉ አውርታለች። «አባዬ፣ ከፊት ነው የምንቆመው፤ እንዳታሳፍረኝ» ብላኛለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ድራም ስመታ አንድ ቀን አይታኝ አታውቅም። የምታውቀኝ ጎማ ስፈታ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልበሞች የመታሁት እኔ ነኝ። ፈጣን ሜታል ሮክ ነበር የምንጫወተው፤ በፍጥነት የሚደርስብን አልነበረም። ለሦስተኛው ግን ጉሮሮን ፋብሪካ ፋብሪካ የሚሸት ሙዚቃ አማረው። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው እያንዳንዷን ድራም ለብቻዋ አስመቱኝ። አንዴ በኃይል፣ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ ጠርዟን። «ድምፅ እየለካን ነው» አሉኝ። እኔ ሞኙ መዳፌ እስኪላጥ መታሁላቸው። በሳምንቱ ምቶቼን ማሽን ውስጥ ከተው፣ የሰው እጅ በማይደርስበት ፍጥነት ገጣጠሟቸውና ድራመር አያስፈልገንም አሉ። እኔን በእኔው ተኩኝ። አልበሙ ዓለምን አዳረሰ። ስንቱ ባንድ ከዚያ ድራም ተማረ፣ ስንቱ መጽሔት ስለሱ ጻፈ፤ የማን እጅ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልተገኘ። ወንድሜ ያኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ጫማውን ያይ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ውሃ ጠጣና እንደገና እንሞክራት» ይለኛል አሁን።

«ውሃውን አበባ አጠጣበት። ቁጠር።»

ጉሮሮ ሰዓቱን ያያል። «የመጨረሻ ናት፣ ሽማግሌው። ተነጋግረናል።»

«አንተ ጎረምሳው ዝፈን።»

ሄድፎኑን አጠልቃለሁ። ድራሞቹን ከውስጥ በጨርቅ አፍነዋቸዋል፤ በየቆዳቸው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ተለጥፋለች። እኔ ስመታ እሷ ለላፕቶፑ ትነግረዋለች፤ የሚሰማው የማሽኑ ድምፅ ነው፣ ያ የጥንቱ ምቴ። ወንድሜ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሶ የሆነ ነገር ይነካካል። ከተለመደው ቆየት ይላል። ከዚያ አራት ይቆጥራል።

እገባለሁ።

የመጀመሪያው ደቂቃ እንደ ልማዱ ትንፋሼን ያሳጥረዋል። ክንዴ ይግላል፤ የቀኝ እግሬ ባት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ከዚያ የዘፈኑ መታጠፊያ ይመጣል፤ ጠዋቱን ሙሉ የጣለኝ ቦታ። ዓይኔን እጨፍናለሁ።

አለፍኩት! ምቱ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ጥርት፣ ጥርት እያለ ይወርዳል። ክንዴ የማን ክንድ እንደሆነ እንጃ። እንግዲህ አበቃለት ያላችሁ ሁሉ ኑና ስሙ። ጎማ ቤት ያላችሁም ኑ። ልጄ ከፊት ቆማ ትታየኛለች፤ ጓደኞቿን በክርኗ ጎሸም እያደረገች «እሱ ነው፣ እሱ ነው» ስትል። እንባ ይሁን ላብ በአፍንጫዬ ጎን ይወርዳል። አልጠርገውም። እመታለሁ።

ቀኝ ክንዴ ከክርኔ ጀምሮ ይሸመቀቅና ቀጥ ይላል። ጣቶቼ ስቲኩን እንደ ጨበጡ ይደርቃሉ። ግራዬም ደንግጦ ይቆማል። እግሬም።

ድራሙ አይቆምም።

ዓይኔን እገልጣለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ድራሙ እየጋለበ ነው፤ ፊቴ ያሉት ቆዳዎች ግን አንዳቸውም አይነቃነቁም። ወንድሜን አየዋለሁ። ጊታሩ ላይ አቀርቅሯል፤ ጆሮው ቀልቷል። ከአራቱ ቁጥር በፊት ላፕቶፑ ላይ ምን ሲሠራ እንደነበር ይገባኛል፤ ማሽኑ ያለኔ በራሱ እንዲመታ አድርጎታል። ከመቼ ጀምሮ እኔ እንዳልነበርኩ ግን አላውቅም። ከመታጠፊያው? ከመጀመሪያው?

ጉሮሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ግድግዳው ይጮሃል። መቆሜን አላየም። በሁለት ስንኝ መሃል ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋና አውራ ጣቱን ያነሳልኛል። «ይኸው! ይኸው እንዲህ ነው!»

ወንድሜ አሁን ቀና ይላል። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ጺሙ ሸብቷል። በልጅነቱ ዕቃ ሰብሮ እኔ የተገረፍኩለት ጊዜ እንደሚያየኝ ዓይነት ያየኛል። በአገጩ ወደ ድራሙ ያመለክተኛል። አንዴ። ሁለቴ።

ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። ጉሮሮ መዞሩ አይቀርም።

የደረቁትን ጣቶቼን በግራ እጄ አንድ በአንድ አላቅቄ ስቲኩን አስተካክዬ አስይዛቸዋለሁ። ሁለቱንም ስቲኮች አነሳለሁ። ከዚያም ከቆዳው አንድ ጣት ከፍ አድርጌ፣ ምንም ሳልነካ፣ አየሩን ከድራሙ እኩል መምታት እጀምራለሁ።