እባብ ፈላጊው አሊዪ

«ጋሽ አሊዪ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ» አለች ዘይቱና ከኋላው። «እንዲህ እየገሰገሱ እባብ ይገኛል?»

አሊዪ እርምጃውን ገታ አደረገ። የሚገሰግሰው እንዳያገኝ ፈልጎ መሆኑን እንዴት ብሎ ይንገራት? ፀሐይዋ ከተራራው ትከሻ ላይ ደርሳለች። ቶሎ ቢመሽለት «ዛሬስ አልቀናንም» ብሎ በክብር ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

መዘዙን ሁሉ ያመጣው የገዛ አፉ ነው። ጎረቤቱ ዘይቱና ጠዋት ደጁ ድረስ መጥታ፣ ለዘር ያስቀመጠችውን ማሽላ አይጥ እየጨረሰባት መሆኑን ነገረችው። የበልጉ ዝናብ ገና መጀመሩ ነው፤ መሬቱ ውሃ እስኪጠግብ አንድ ሳምንት መጠበቅ አለባት፤ አይጦቹ ግን ሳምንት የሚጠብቁ አይደሉም። ዘሩ ካለቀ ዘንድሮ የምትዘራው የላትም። ድሮ ጎተራዋን የሚጠብቅላት አንድ ቡናማ እባብ ነበር፤ መርዝ የሌለው፣ ሰው የማይነካ፣ አይጥ ሲያይ ግን የማይምር። የሚኖረውም በማሳዋ ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ውስጥ ነበር። ጣሊያን ካቡን አፍርሶ ድንጋዩን ለመንገድ ሥራ ሲወስደው እባቡም አብሮ ጠፋ። መንገዱ ቅጥራን ከተቀባ ወዲህ፣ በዚህ በመጋቢት ወር፣ የዚያ ዓይነት እባቦች አመሻሽ ላይ ወጥተው በሞቀው ጥቁር መንገድ ላይ ይጋደማሉ ይባላል። ዘይቱና እንደምትለው ድንጋያቸውን ተከትለው ነው የሄዱት።

እሷ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሱም ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቱ። ታዲያ ይህችን ሴት ሊያገባ ተመኝቶ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል መተንፈስ ያቃተው አሊዪ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ እኮ ከእባብ ጋር ነው ያደግሁት፤ እይዝልሻለሁ» አላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ባለፈው ክረምት የአህያ መጫኛ ረግጦ እባብ መስሎት መንደሩን በጩኸት ያስነሳው ይኸው ሰውዬ ነው።

ዘይቱና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ቅጥራኑን ረገጠች። ሙቀቱ ደስ አላት መሰለ ፈገግ አለች። እባብ ብትሆን እሷም እዚሁ እንደምትተኛ ነገረችው። አሊዪ የሚመልሰውን ገና ሲያስብ ጣቷን ወደ ፊት ቀሰረች።

«ይኸውልዎት።»

ሃያ እርምጃ ያህል ወዲያ አንድ ቡናማ እባብ መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል። አሊዪ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዘይቱና ይዛው የመጣችውን አገልግል ክዳኑን ከፍታ ዘረጋችለት። በዚያው ቅጽበት ከጀውሃ በኩል የካሚዮን ድምፅ ተሰማ።

«ፈጠን ይበሉ፣ ሊደፈጥጠው ነው።»

አሊዪ እባቡን አየ። ከመታጠፊያው ብቅ ያለውን የጣሊያን ካሚዮንም አየ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻለው ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀበትም፤ እባቡን በሩቁ ዞሮ አለፈና እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ከካሚዮኑ ፊት ተገተረ።

ጡሩምባው አምባረቀ። ካሚዮኑ እየተንሸራተተ መጥቶ ከደረቱ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ፤ የሞተሩ ወላፈን ፊቱን ገረፈው። የሚነዳው ጣሊያናዊ ሶላቶ በሩን በርግዶ፣ በቋንቋው እየተሳደበ፣ የብረት ዘንግ ይዞ አንድ እግሩን ወደ መሬት አወረደ። አሊዪ «ለአንዲት ጎተራ ብዬ አለቀልኝ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነና ሸሃዳውን ያዘ።

ስድቡ ድንገት ቆመ። አሊዪ አንድ ዓይኑን ከፈት ቢያደርግ የሶላቶው እግር ወደ ላይ እየተመለሰ ነው። በሩ ተዘጋ፤ መስኮቱም ተከተለ። አሊዪ ዞር አለ። ዘይቱና እባቡን ከአንገቱ ሥር በሁለት ጣቷ ይዛዋለች፤ የቀረው ክንዷ ላይ እንደ አምባር ተጠምጥሟል። ለካ ከእባብ ጋር ያደገችው እሷ ኖራለች!

ደግሞም አልቸኮለችም። እባቡን ከክንዷ ላይ ፈታ አገልግሉ ውስጥ አስገባችው፤ ከደነች፣ ጠፍሩን ቋጠረች፣ ከዚያ በኋላ ነው ከመንገዱ የወረደችው። ካሚዮኑ ከእሷ የራቀውን ጠርዝ ይዞ ወደ ሸዋ ሮቢት አለፈ።

አሊዪ በጣም አፈረ። የሚደብቀው ነገር ስላልቀረው ቁርጡን ተናገረ።

«ወላሂ እባብ እፈራለሁ።»

«ካሚዮኑንስ?»

«እሱን ለመፍራት ጊዜ አላገኘሁም።»

ዘይቱና ሳቋን መያዝ አቅቷት መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ሳቋ እሱም ላይ ተጋባ፤ ሁለቱም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋብ ሲልለት ግን አንድ ነገር ከነከነው።

«ቆይ፣ አንቺ ራስሽ መያዝ ከቻልሽ እኔን ምን አደከምሽኝ?»

ዘይቱና ቀና ብላ ሳታየው ጫማዋን አጠለቀች። «ዓመት ሙሉ ደጄ ድረስ እየመጡ ሲመለሱ አይ ነበር። የሚሉት ነገር ካለ፣ ለብቻችን መንገድ ብንወጣ ይሉኛል ብዬ ነዋ።»

አሊዪ በደስታ «አምጪው እስቲ» አለና አገልግሉን ከእጇ ተቀበላት።

«ጁሙዓ ለወንድምሽ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ጁሙዓ እሱም ከቤቱ አይወጣም» አለች ዘይቱና፤ ተነሥታም ከጎኑ መራመድ ጀመረች።

አገልግሉ ውስጥ ያለው ተገላበጠ። አሊዪ ክንዱን ከጎኑ አርቆ ዘረጋ፤ ማንጠልጠያውን ግን አልለቀቀም።