የከድጄ አውራ ጣት
የስንቱን ክንድ የመለሰው ወጌሻ ሰይዶ፣ የከድጄን የእጅ አንጓ ደጋግሞ ጎትቶ «ውልቃት ነው» ብሏታል። ሐኪሟ ልጇ ሩፋይዳ ግን «አልወለቀም፤ እንሰት ስትፍቂ የአውራ ጣትሽ ጅማት ከነሽፋኑ ተቆጥቶ ነው» አለቻት። ከድጄ ቡታጅራ ክሊኒክ ተቀምጣ ማንን እንደምታምን ቸገራት። አረፋ ደርሷል፤ የቤቱን ክትፎ የሚከትፈው ይኸው እጅ ነው።

«እስቲ አውራ ጣትሽን ውስጥ አድርገሽ ጨብጪ፣ እማ።» ሩፋይዳ ጭብጡን ይዛ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ቀስ ብላ ስታጎነብሰው ከድጄ «ወይኔ!» ብላ ጮኸች።

«እዚህች ጋ ነው አይደል?» አለች ልጅቷ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር አንጓው ላይ እየነካች። እዚያው ነበር።

ቁጣውን የሚያስታግሰው መርፌ ተዘጋጀ፤ ከተወጋች በኋላ እጇ ታስሮ ለቀናት ማረፍ አለበት። ሩፋይዳ የእናቷን እጅ ስትይዝ ግን መርፌውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ይህን ያዩት የክሊኒኩ አንጋፋ ሐኪም «ለቤተሰብ ይከብዳል፤ እኔ ልውጋቸው» ብለው ተነሡ።

ከድጄ እጇን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች። በረንዳው ላይ ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማም ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ይቀመጡ ዶክተር! ለአረፋ እጄን አስሬ እውላለሁ፤ ቢላዋውን ምራቴ ትያዝ። የምትወጋኝ ግን ልጄ ናት!» አለች።