ሰባት ለወንድ፣ ሦስት ለሴት

የመንጠቆው ቡሽ ውሃው ውስጥ ይሰምጣል። ዘንጉን መንጭቄ ሳወጣው መንጠቆው የያዘው የሸምበቆ ሥር ነው። ትሉን በልተውልኛል።

«አንተ ዓሣ ታጠምዳለህ ወይስ ዓሣ ትቀልባለህ?» ይሉኛል ጋሽ ፈየራ፣ ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት እየፋቁ። የመዝናኛው ጠባቂ እሳቸው ናቸው። «ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጣሳ ትል ጨረስክብኝ እኮ!»

«ይብሉ፣ ምን ቸገረኝ። እኔ የመጣሁት ለዓሣው አይደለም።»

«እሱንማ ዓሦቹም አውቀዋል።»

እዚህ ውሃ ዳር ስቀመጥ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ቦታው የምድር ባቡር ፈረንጆች እሑድ እሑድ ዓሣ የሚያጠምዱበት ነው፤ አራት ጎጆ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከአቃቂ ወንዝ የተገደበ ውሃ፣ ሌላ ምንም የለውም። በሥራ ቀን ጭር ስለሚል ለእኛ ለባቡሩ ጋራዥ ሠራተኞች ይፈቀድልናል። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ የመጣሁት ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። አሰለፈች የቤት ጫማዋን አልጋው ሥር ትታ ነው የሄደችው፤ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሚስቴ ናፍቃኛለች፣ በቃ። ምኑን እደብቃለሁ?

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ስለዚህ አማቴ መጥተው ሞጆ ወሰዷት። እኔም ልከተል ስል «ወንድ ደጅ ላይ ሲንጎራደድ ምጡ ይዘገያል» ብለው ከለከሉኝ። የክሊኒኳ ነርስ ግን ሆዷን ዳብሳ፣ ልጁ አግድም ነው የተኛው፣ ሆስፒታል ካልሆነ አይሆንም ብላን ነበር። ይህንኑ ለአማቴ ነገርኳቸው። «እኔ ሰባቱን የወለድኩት የት ሆኜ ነው?» አሉኝ።

አማት ፊት ቃል መልሼ አላውቅም፤ ነውር ነው። አሰለፈች ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር እንድል ነበር የፈለገችው። እኔ ሻንጣዋን አንሥቼ ወደ ጣቢያው ቀደም ቀደም አልኩ።

ከጎጆዎቹ በላይ የባቡሩ ድልድይ አለ። ከሞጆ የሚመጣው ባቡር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልፍበታል። የባቡሩ ትኬት ተቆጣጣሪ ቀናው ጓደኛዬ ነው፤ ሞጆ ሲደርስ አማቴ ቤት ብቅ ብሎ ይጠይቅልኛል። ከእሱና ከነጂው ጋር ተነጋግረናል። ወንድ ከሆነ ጡሩምባው ልክ እንደ እልልታው ሰባት ጊዜ ይነፋል፤ ሴት ከሆነች ሦስት ጊዜ። ካልወለደች ቀናው በመስኮት እጁን አውለብልቦልኝ ያልፋል። ስለ ሌላው እሱም አላነሣም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ትናንት ሲያልፍ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ምጥ ይዟታል!» ብሎ ጮኸልኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። ፈርቻለሁ።

«ከያዛት ስንት ሆነ?» ይላሉ ጋሽ ፈየራ።

«አንድ ሙሉ ቀን አለፈው።»

«ኧረ አቦ፣ በኩር ይቆያል፤ የእኔ ዱሬሳ ሁለት ቀን ነው የፈጀው» ይሉኛል። ግን ቢላቸውን አስቀምጠው ወደ ሰማይ ያያሉ።

የባቡሩ ድምፅ ከኩርባው ማዶ ይሰማል። ዘንጉን ጥዬ እነሣለሁ። ጋሽ ፈየራም አጠገቤ መጥተው ይቆማሉ፤ ጣቶቻቸውን ለቆጠራ ዘርግተዋል።

ጡሩምባው ይነፋል። አንድ።

ሁለትን እጠብቃለሁ። አንዱማ ሁልጊዜም ድልድይ ሲቃረብ የሚነፋው ነው። ሁለተኛው አይመጣም። በእሱ ፋንታ የሚመጣው የፍሬን ድምፅ ነው፤ እኔ ደግሞ የፍሬን ሠራተኛ ነኝ። ነጂ ፍጥነት ሲቀንስና ሊቆም ሲይዝ ድምፁ አንድ አይደለም። ይኼ ሊቆም ነው።

እዚህ ባቡር አይቆምም። አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ ቆሞ አላየሁም። ዛሬ ግን ድልድዩን እንዳለፈ ቀጥ ይላል፤ ቀናው ይወርዳል።

«ወልዳለች!» ይላሉ ጋሽ ፈየራ፤ ትከሻዬን ይመቱኛል። «ምሥራቹን በአፉ ሊነግርህ ነው የወረደው!»

«አይደለም፣ ጋሽ ፈየራ።»

«እንዴት አወቅህ?»

ለምሥራች ቢሆን ጡሩምባው ይበቃ ነበር። በእግር ተመጥቶ፣ ሽማግሌ ተይዞ የሚነገረው ሌላ ነው። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ቀናው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች ተራ በተራ ይወርዳሉ። አንደኛውን አላውቃቸውም። ሁለተኛው አቶ ወልደሚካኤል ናቸው፣ የአሰለፈች አጎት፤ ሞጆ ነው የሚኖሩት። ተሳፋሪው በየመስኮቱ ተደርድሮ ወደ እኔ ያያል።

«ተሰማ!» ይላል ቀናው ከላይ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «በየት ነው የሚወረደው?»

ሸምበቆው ጋርዶባቸው ነው እንጂ ደረጃው እግራቸው ሥር ነው። ሃያ እርምጃ አይሞላም። ጋሽ ፈየራ ሊነግሯቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ክንዳቸውን እይዛለሁ። ያዩኛል። ከዚያ አፋቸውን መልሰው ይዘጋሉ።

እጄን አንሥቼ በባሕር ዛፎቹ በኩል ያለውን፣ ግድቡን ዞሮ የሚመጣውን ረጅሙን መንገድ አሳያቸዋለሁ።

ሦስቱም ወደዚያ ይታጠፋሉ። አቶ ወልደሚካኤል አርጅተዋል፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት።