የጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ

ምሁሩ ከመርከብ የወረደው ለመናቅ ተሰናድቶ ነበር። ወደቡ ላይ ዛጎል የሚሻሙትን የጉዞ ባልደረቦቹን ናቀ፤ ኮረብታው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባውን የራስተፈሪያን ጸሎት ቤት ሲያይ ደግሞ ከንፈሩን አጣመመ። «ያላዩትን አገር የሚያመልኩ ምስኪኖች» አለ በልቡ።

የቤቱ ጠባቂ ሽማግሌ ግን ኢትዮጵያዊነቱን እንደሰማ እጁን ይዞ አስገባው። ከመሠዊያው በላይ ዝገት የበላው የቆርቆሮ ጽሑፍ በመስታወት ታቅፎ ተሰቅሏል።

«አባቴ አዲስ አበባ ሄዶ ከአንድ አጥር ላይ ለምኖ ያመጣው ነው። ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው በዝምታ ፊቱ ሲቆሙ አይቶ፣ ቅዱስ ቃል መሆኑን ተረዳ። ምን እንደሚል ሳያውቅ ሞተ፤ እኔም ሰባ ሞላኝ። አንብብልኝ፣ ወንድሜ።»

ምሁሩ አነበበ። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመው ሣቅ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።

«ይህ ስፍራ የተቀደሰ ነውና ጫማህን አውልቅ ይላል።»

«አላልኋችሁም?» አለ ሽማግሌው በር ላይ ወደቆሙት ጎረቤቶቹ ዞሮ፤ ጎንበስ ብሎም ጫማውን አወለቀ። ምሁሩ ጥቂት አመነታና የራሱን የጫማ ክር መፍታት ያዘ።

ከራሳቸው በላይ ቆርቆሮው፣ በወየበ ቀይ ቀለም፣ «እዚህ መሽናት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል።