ከአጥሩ ጀርባ ያለው ውሃ

ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር ሆነው በትራቸውን ሲያነሱ ሁመድ «አቁምልኝ!» አለ። የሰርቪሱ ሹፌር ወሎዬ ነው፤ «ወላሂ በሩ ይዘጋብናል! ሥራህን ልታጣ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ግን አቆመ። ፋብሪካዎች ከዱብቲ አልፈው ከሰመራ ወዲያ ያለውን ሜዳ ካጠሩ ወዲህ ብዙው ሰው በመስኮት እየተያየ ይተላለፋል። ሁመድ ግን መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ዳጉ ሳይሰጥ፣ ያየውንና የሰማውን ሳይነግር ማለፍ አልቻለም። ይልቁንም ዛሬ። ከሚሠራበት ቆዳ ፋብሪካ አጥር ጀርባ የተኛው ውሃ የቆዳ እጣቢ እንደሆነ፣ የጠጡት ፍየሎችም እንዳለቁ ያወቀው ገና ትናንት ነው።

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። በወጉ ታላቅ ይቀድማልና ሁመድ ወርዶ ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ከኋላው ክላክስ ይጮሃል። እሳቸው ሳይቸኩሉ ዝናቡ እንደቀረ፣ ወደ አዋሽ የሚወስደው የግመል መንገድ እንደታጠረ አወሩ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ውሃ ተገኝቷል። ወሬው የታመነ ነው፤ እዚያው የሚሠራ የእኛው ልጅ በዓይኑ አይቷል።»

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለአንድ መንገደኛ የነገረው ሁመድ ራሱ ነበር።

«አባቴ፣ ግመሎቹ የት አሉ?»

ሽማግሌው በበትራቸው ወደ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ አመለከቱ። «ልጄ ሲነጋጋ ነድታቸዋለች። ይሄኔ ጠጥተው ጠግበዋል። በል፣ ተራው ያንተ ነው፤ ምን አየህ?»