ተፈታኝ ብቻውን
ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ልደታ አካባቢ ባለ የመንጃ ፈቃድ መፈተኛ ሜዳ፣ ኃይለሚካኤል መሪ ጨብጦ፣ ፈታኟ ከጎኑ፣ ሚስቱ ጠጅቱ ከኋላ ተቀምጠው ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ይውረዱ። ተፈታኝ ብቻውን ነው የሚፈተነው።»

«ዝም እላለሁ፣ ልጄ።»

«ቢሆንም አይቻልም።»

ጠጅቱ ቀስ ብላ ወረደች። ኃይለሚካኤል በስተርጅና መንዳት የተማረው እሷን ያለ ታክሲ ግፊያ ለኩላሊት እጥበት ለማመላለስ ነበር። ሞተሩን አስነስቶ በስፖኪዮው ሲያይ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ የምትደገፈው ነገር በእጇ ትፈልጋለች። አጠገቧ ግድግዳ እንኳ አልነበረም። እጁ ማርሹን ትቶ ወደ በሩ ሄደ።

«አባባ፣ ከወረዱ ወድቀዋል ማለት ነው» አለች ፈታኟ።

ወረደና ክንዱን ሰጣት።

«አንተ ሰውዬ፣ ለእኔ ብለህ ተምረህ፣ ለእኔ ብለህ ትወድቃለህ?» አለች ጠጅቱ፤ ክንዱን ግን አለቀቀችም።

ፈታኟ ቀጣዩን ተፈታኝ ጠራች።